ከአሜሪካ የተላከው የአንጀት ዱቄት ለድመቴ ይሆናታል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ3 ዓመት ሴት ድመት አለችኝ። ጾሙ ከገባ ወዲህ ሆዷ ተረብሿል። ሰገራዋ አንድ ቀን ይቀጥናል፣ በማግስቱ ደህና ይሆናል፣ ከዚያ ደግሞ ይብስበታል። የምንበላውን ሽሮና ምስር በእንጀራ ፈትፍቼ እሰጣታለሁ፤ እሷ ምን አጥፍታ ትጾማለች ብዬም ጠዋት ጠዋት ወተት እገዛላታለሁ። እኅቴ ከአሜሪካ «ለድመት አንጀት ጤና» የሚል ፕሮባዮቲክ ዱቄት ልካልኛለች። ጎረቤቴ ግን «ፍላጂል ግማሹን ሰብረሽ ስጪያት» ትለኛለች። የቱ ይሻላል? ምራቴ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ለእሷም ሰግቻለሁ። (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ፍላጂሉን አይስጧት። ዱቄቱንም ለጥቂት ቀናት ያቆዩት። መጀመሪያ የምትበላበትን ሳህን እንመልከት፤ ምክንያቱም የጻፉልኝ ነገር ሁሉ ወደዚያ ይጠቁመኛል።

አዝነውላት የሚገዙላት ወተት ሆዷን ሳይረብሻት አልቀረም። ድመት ጡት በምትጠባበት ጊዜ ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር የሚሰባብርላት ኢንዛይም በአንጀቷ ውስጥ በበቂ መጠን ይገኛል። ጡት ከተወች በኋላ ግን እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ውሃ ይስባል፣ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎችም ያብላሉታል። ከዚያ ሆድ ይነፋል፣ ሰገራ ይቀጥናል። ድመት ወተት ስለምትወድ ይስማማታል ማለት አይደለም። ስለዚህ ወተቱን ዛሬውኑ ያቁሙና ንጹሕ ውሃ ያስቀምጡላት።

ከወተቱ ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ ሽሮው ነው። በሽሮና በምስር ወጥ ውስጥ ቀይና ነጭ ሽንኩርት አለ፤ ሁለቱም የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ይሰባብራሉ። መብሰሉ መርዝነቱን አያጠፋውም፣ በትንሽ በትንሹ በየቀኑ ሲገባም ይጠራቀማል። ድዷ ከነጣ፣ ሽንቷ ከጠቆረ ወይም ስትንቀሳቀስ ቶሎ የምትደክም ከሆነ ቀን ሳይቆጥሩ ያምጧት።

ሌላው ጉዳት ደግሞ ቶሎ አይታይም። ድመት ሥጋ በል እንስሳ ናት፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ስለማይሠራው ከምግቧ ማግኘት አለባት። ታውሪን በሥጋና በዓሣ ውስጥ ይገኛል፤ በጥራጥሬና በእህል ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ለብዙ ወራት ሲጎድልባት የዓይኗ ብርሃን ይጠፋል፣ የልቧ ጡንቻም ይላላል። እ.ኤ.አ. በ1987 በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች ልባቸው የደከመ ድመቶች ታውሪን ሲሰጣቸው ልባቸው እንደሚያገግም አሳዩ። ከዚያ በኋላ የድመት ምግብ አምራቾች የታውሪኑን መጠን ጨመሩ። ስለ ሰፕልመንት፣ ማለትም ከምግብ በተጨማሪ ስለሚሰጥ ንጥረ ነገር፣ ሲነሣ እኔ ይህን ታሪክ ደጋግሜ አስታውሳለሁ፤ የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ ታውቆ ያ ነገር ሲሰጥ ሕይወት ያድናል።

ሁለት ወር ለሚጠጋ ጾም በሽሮ ብቻ የምትቆይ ድመት ስታጋጥመኝ ያሳዝነኛል። ጾሙ የእርስዎ ነው፣ የእርሷ አይደለም፤ ለእርሷ ሥጋ ማብሰል የእርስዎን ጾም አይሽርም። ከልኳንዳ የከብት ልብ ይግዙላት፤ ታውሪን በብዛት ካለባቸው የሥጋ ክፍሎች አንዱ ነው። ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬና ያለ ጨው ይቀቅሉት። ታውሪን በውሃ ስለሚሟሟ መረቁን አይድፉት፤ አብሮ ይሰጣት። ጉበት ግን የዘወትር ምግብ አይሁን። ቪታሚን ኤ ሲበዛባት የአንገቷ አጥንቶች እርስ በርስ እስኪጣበቁ ድረስ ይጎዳታል። አቅምዎ ከፈቀደ ለድመት ተብሎ የተዘጋጀው ምግብ የተሟላ ስለሆነ ዋና ምግቧ ይሁን፤ የቤቱ ሥጋ ተጨማሪ ይሆናል። ወደ አዲሱ ምግብ የሚያሸጋግሯት ቀስ በቀስ ነው፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። ሽንኩርት ያለበትን ግን ዛሬውኑ ያቋርጡት።

ወደ ዱቄቱ ልምጣ። ፕሮባዮቲክ ማለት በሕይወት ያሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ማለት ነው። ለድመት ብዙ ከተጠኑት አንዱ ኢንቴሮኮከስ ፌሲየም ኤስኤፍ68 ይባላል። በኮሎራዶ በእንስሳት መጠለያ ውስጥ በነበሩ ድመቶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። 2 ቀንና ከዚያ በላይ የቆየ ተቅማጥ የያዛቸው ባክቴሪያውን ከወሰዱት መካከል 7.4 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 20.7 በመቶ ነበሩ። እኔ ይህን ቁጥር አልንቀውም። ነገር ግን በየጠዋቱ ወተት የሚፈስበትን አንጀት ዱቄት አያስተካክለውም፤ ጥገኛ ተሕዋስያንንም አያወጣም።

ከአሜሪካ መምጣቱም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የሰፕልመንት ሕግ ለሰው እንጂ ለእንስሳት አይሠራም፤ በድመት ስም የሚሸጥ ዱቄት ሁሉ መሥራቱ ተፈትኖ ገበያ የወጣ አይምሰልዎ። ማሸጊያውን ያንብቡ። የባክቴሪያው ሙሉ ስም፣ የባክቴሪያዎቹ ብዛትና የሚያበቃበት ቀን ከሌለበት ይተዉት። ካለበትና የሳህኗ ነገር ከተስተካከለ በኋላ መስጠት ከፈለጉ፣ በተጻፈው መጠን በቀዘቀዘ ምግብ ላይ ይነስንሱላት። ትኩስ ምግብ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል። እርጎ ይተካዋል ወይ የሚሉኝ አሉ፤ ላክቶስ ስላለበት ሆዷ እስኪረጋ ድረስ ባይሰጣት እመርጣለሁ። ለሰው የተሠራ የቪታሚንና የብረት እንክብል ጨርሶ አይስጧት።

ፍላጂልን በተመለከተ ጎረቤትዎ ለመርዳት ፈልገው እንደሆነ አውቃለሁ። መድኃኒቱ ግን ጎጂዎቹን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ዱቄቱ ሊተካቸው የሚፈልጋቸውን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጭምር ይጠርጋቸዋል። መጠኑ ሲበዛ ነርቭ ስለሚጎዳ ድመቷ መንገዳገድ ትጀምራለች። እግረ መንገዴን፣ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ ሩብ እንክብልም ቢሆን አይሞከርም።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው የሰገራ ምርመራ ነው። በውስጡ ወስፋት፣ ጃርዲያ ወይም ሌላ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል። ጃርዲያ በአንድ ምርመራ ሊያመልጥ ስለሚችል፣ ከተቻለ የ3 ቀን ናሙና መያዙ ጥሩ ነው። ከፊንጢጣዋ አካባቢ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ካዩ ከቁንጫ የሚመጣ የኮሶ ትል ሊሆን ስለሚችል፣ ቁንጫውም አብሮ መታከም አለበት። ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ተቅማጡ ከ3 ሳምንት በላይ ከቀጠለ ደሟን መርምረን ቪታሚን ቢ12 ጎድሎባት እንደሆነ እናያለን። የታመመ አንጀት ይህን ቪታሚን መቀበል ያቅተዋል፤ ያኔ በመርፌ ወይም በአፍ እንሰጣታለን።

ስለ ምራትዎ ድመቷን ከቤት ማውጣት አያስፈልግም። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው፣ ጽንስን ሊጎዳ የሚችል ጥገኛ ተሕዋስ የያዛት ድመት ሰገራ ከወጣ በኋላ ተላላፊ የሚሆነው ከ1 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው። ስለዚህ የምትጸዳዳበትን አሸዋ እርስዎ ወይም ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳው፤ እሷ አትንካው። ጥሬ ሥጋ ለድመቷም ለምራትዎም አይሰጥ፤ ጾሙ ሲፈታ የምራትዎ ክትፎ በደንብ ይብሰል።

ወተቱና ሽሮው ከቆመ በኋላ በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥ ለውጥ መታየት አለበት። ሰገራዋ ላይ ደም ካዩ፣ ደጋግማ ካስመለሳት ወይም ምግብ እንቢ ካለች ግን ያን ያህል አይጠብቁ። ድመት 2 ወይም 3 ቀን ሳትበላ ከቆየች ጉበቷ ላይ ስብ ተከማችቶ ሌላ ሕመም ይጨመርባታል። ስትመጡ ናሙናውን በንጹሕ ብልቃጥ፣ የዱቄቱንም ማሸጊያ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።