ሁለት ቀን በቶኪዮ

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ አርክቴክቶች ነን። ቶኪዮ ላይ ሁለት ቀን ብቻ አለን። ምን እንይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከዮዮጊ ጂምናዚየም ጀምሩ። ጃፓናዊው አርክቴክት ኬንዞ ታንጌ ለ1964ቱ ኦሎምፒክ ነው የነደፈው፤ የኛው አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ዳግም ላሸነፈበት። ጣሪያው በብረት ገመድ እንደ ድንኳን ተወጥሯል። ዙሪያውን በእግር ዙሩት፤ በየማዕዘኑ መልኩ ይለዋወጣል። ከዚያ ወደ ኦሞቴሳንዶ ጎዳና ውረዱ። የቶዮ ኢቶ ሕንፃ ኮንክሪቱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግቷል፤ መንገዱ ላይ ካሉት ዛፎች ጋር አብራችሁ እዩት።

በማግስቱ ጠዋት የቅድስት ማርያም ካቴድራል ሂዱ። እሱም የታንጌ ነው። እኔ ውስጡ ገብቼ አንገቴ እስኪያመኝ ሽቅብ አየሁ፤ ብርሃኑ የሚገባው በመስቀል ቅርጽ ከተከፈተው ጣሪያ ነው። ከሰዓት በኋላ ኡኤኖ ሰፈር ያለውን፣ ለ ኮርቡዚየ የነደፈውን ሙዚየም እዩ። ሰኞ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው።