መልስ፦ የጃፓን አንቲክ ሰይፍ በኦንላይን ጨረታ በርካሽ ይገኛል ወይ ላልከው

ይገኛል ወንድሜ፣ ግን ፎቶው ላይ ጊዜ ስጥ። ያሁ ጃፓን የሚባለው የጨረታ ድረ ገጽ ላይ በትንሽ ዋጋ የሚወጣው ብዙ ጊዜ የሠሪው አንጥረኛ ፊርማ የሌለው ወይ የዛገ ካታና፣ ረጅሙ የጃፓን ሰይፍ ነው፣ ፊርማ የለውም ማለት ደሞ መጥፎ ነው ማለት አይደለም እንደውም የታዋቂ አንጥረኛ ስም ተቀርጾበት በርካሽ የቀረበውን ነው መፍራት፣ የውሸት ፊርማ ድሮም ሞልቶ ነበር። እጀታው ወልቆ ውስጥ ያለው ብረት ናካጎ የሚሉት ካልታየ እኔ አልገዛም፣ እዛ ላይ ያለውን ዝገት ደሞ በፍጹም እንዳትፈገፍገው እድሜውን የሚናገረው እሱ ነው። ስለቱን አቋርጦ የወረደ ስንጥቅ ካለው በነጻ ቢሰጡህም ተወው አይጠገንም። ከጃፓን ለማውጣት የባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ የሰይፉ የምዝገባ ካርድ አብሮት መኖሩን ሳታረጋግጥ ዋጋ እንዳትሰጥ። ብርህ ካልበቃ ከጹባ፣ ከእጅ መከላከያው ጀምር፣ በጣም ያምራል ለመላክም ይቀላል።