የፔንሲዮኑ አይፒ ስልኮች፦ የተቃጠለው አዳፕተር፣ ከኋላ ያሉት ምልክቶችና 907

አንዲት የሐዋሳ አንባቢ ጥያቄ ልከውልኛል። አቶቴ አካባቢ ባለ ሦስት ፎቅ ፔንሲዮን ያስተዳድራሉ። አሜሪካ ያሉት ወንድማቸው አንድ ካርቶን ሙሉ ያገለገሉ የጠረጴዛ አይፒ ስልኮች፣ ማለትም በኔትወርክ ገመድ የሚሠሩ ስልኮች፣ ላኩላቸው። አንድ ልጅ መጥቶ ስዊች (የኔትወርክ ገመዶቹ የሚገናኙበት ሳጥን) እና ትንሽ ፒቢኤክስ (ጥሪዎቹን የሚያገናኝ ማሽን) ገጠመ፣ ክፍሎቹን ከእንግዳ መቀበያው ጋር አገናኘና ሄደ። አሁን ማታ ማታ አንዳንዶቹ ስልኮች በራሳቸው ጠፍተው እንደገና ይነሳሉ። የአንዱ አዳፕተር ሸትቶ ተቃጠለ። "አንድ እንግዳ ደግሞ 'ይህ ዕቃ ፈቃድ የለውም፣ ይወረስብዎታል' አለኝ። ከኋላው ግን ኤፍሲሲ፣ ሲኢ የሚል ምልክት ሞልቶታል፣ ይህ አይበቃም ወይ? ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9 እንጫናለን፣ እሱ እንኳ ደህና ነው" ይላሉ።

እህቴ፣ ከጻፉልኝ ሁሉ በጣም ያሳሰበችኝ "ደህና ነው" ያሏት 9 ቁጥር ናት። እመለስባታለሁ። መጀመሪያ የሸተተውን እንያዝ።

ዛሬውኑ ግድግዳ ላይ የተሰኩትን አዳፕተሮች በሙሉ ይንቀሉ። አንድ በአንድ እየገለበጡ ጀርባቸው ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ያንብቡ፤ በሞባይልዎ ፎቶ አንስተው ቢያጎሉት ይቀላል። "ኢንፑት" ከሚለው ጎን 100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ተብሎ ከተጻፈ የእኛን 220 ቮልት ይችላል። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ብቻ የሚል ከሆነ የተሠራው ለአሜሪካ ነው፣ ወዲያው ያስወግዱት። ከገበያ የምንገዛው የሶኬት መቀየሪያ የመሰኪያውን ቅርጽ ነው የሚለውጠው። ቮልቱን አይነካውም። የእርስዎም የተቃጠለው በዚህ ይመስለኛል፤ በተለይ ከበድ ያለ፣ ውስጡ የሽቦ ጥቅል ያለው የድሮ ዓይነት ከነበረ።

ቀጥሎ "አውትፑት" የሚለውን ከስልኩ ጀርባ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩ። አንዱ ስልክ 5 ቮልት ይፈልጋል፣ ሌላው 12፣ አንዳንድ የቆዩ የቢሮ ስልኮች ደግሞ 48። ችግሩ ክብ ጫፋቸው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ገባ ማለት ሆነ ማለት አይደለም። የ48ቱን አዳፕተር የ5 ቮልት ስልክ ላይ ከሰኩት ስልኩን በዚያው ይሰናበቱታል። ቮልቱ ልክ እኩል፣ የመሐሉ ፒን ፖላሪቲም (ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆኑ) አንድ መሆን አለበት። አምፔሩ ከተጠየቀው ቢበልጥ ግን ግድ የለም። ጽሑፉ የተፋቀ ወይም በፕላስተር የተጠገነ አዳፕተር ክፍል ውስጥ እንዳያስቀሩ፣ እንግዳ ተኝቶ ነው የሚያድረው። ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ መቀጠሉንም ይተዉት።

አሁን ወደ ማታው መጥፋት። አብዛኞቹ ስልኮችዎ ኃይል የሚያገኙት በኔትወርክ ገመዱ በኩል ከስዊቹ ነው። ፒኦኢ የምንለው ይህ ነው። በመደበኛው ፒኦኢ፣ ማለትም በ802.3ኤኤፍ፣ ስዊቹ ለአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል። ግን በጠቅላላ የሚሰጠውም ገደብ አለው። 65 ዋት ነው እንበል። ስልኮቹ ራሳቸውን ክላስ 3፣ ማለትም በዚህ ደረጃ ከፍተኛውን ኃይል የሚጠይቁ፣ ብለው የሚያስተዋውቁ ከሆኑና ስዊቹ ለእያንዳንዱ ሙሉውን የሚይዝ ከሆነ፣ አራት ስልክ 61.6 ዋት ይወስዳል። ለአምስተኛው አይተርፍም። የሚያዘውን ትቶ በትክክል የሚሄደውን የሚቆጥር ስዊች ደግሞ ቀን ቀን ይችላል፣ ማታ ያንሰዋል፤ እንግዳው ሁሉ ሲገባ ስክሪኑ ይበራል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ስፒከሩ ይከፈታል። ያኔ ስዊቹ ቅድሚያ ያልተሰጣቸውን ፖርቶች ይጥላል። የእርስዎ ችግር "ማታ ማታ" መሆኑ ወደዚህ ይመራኛል።

ማጣራቱ ቀላል ነው። የገጠመው ልጅ የስዊቹን ገጽ ከፍቶ የተሰጠውንና የቀረውን ዋት ያሳይዎት። ስዊቹ ገጽ የሌለው ተራ ዓይነት ከሆነ ሁለት ስልኮች ነቅላችሁ አንድ ማታ ተመልከቱ። መጥፋቱ ከቆመ፣ ወይ ትልቅ ስዊች ይግዙ፣ ወይ ለሁለቱ ትክክለኛ አዳፕተር ያድርጉላቸው። አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ፦ "ይህም ፒኦኢ ነው" ብሎ የዋይፋይ አንቴና ኢንጀክተር (በኔትወርክ ገመድ ኃይል የሚልክ ትንሽ ሳጥን) የሚሰካ ሰው ካለ ይከልክሉት። መደበኛው ስዊች ኃይል ከመልቀቁ በፊት በትንሽ ቮልት ይጠይቃል፤ ወዲያ ማዶ 25 ኪሎኦም የምታህል የመለያ ሬዚስታንስ ካላገኘ አይሰጥም። ባለ 24 ቮልቱ የአንቴና ኢንጀክተር አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ይለቃል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ክፍሎቹ ውስጥ የድሮው መደበኛ ስልክ መስመር ካለ ሶኬቱን ይሸፍኑት። የድሮው ስልክ ትንሿ መሰኪያ የአይፒ ስልኩ የኔትወርክ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። ያ መስመር ዝም ሲል ወደ 48 ቮልት አለው፣ ሲጮኽ እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኃይል ይልካል። የኔትወርክ ቀዳዳው ለዚህ አልተሠራም።

ወደ 9 ልመለስ።

ፒቢኤክሱ 9 ሲጫኑ "ወደ ውጭ ልውጣ ማለት ነው" ብሎ ይረዳል፣ 9ኙን ይቆርጥና የቀረውን ይልካል። ይህ ልማድ የሚያዋጣው የአደጋ ጊዜ ቁጥራቸው በ9 በማይጀምር፣ ወይም ሥርዓቱን ለዚያ ባስተካከሉ ቦታዎች ነው። እኛ ጋ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። አሁን 204 ቁጥር ክፍል ያደረ ሰው ሌሊት ላይ ደረቱን ወጋኝ ብሎ ስልኩን አነሳና 907 ደወለ እንበል። ፒቢኤክሱ 9ኙን ቆረጠ። የቀረው 07 ነው። 07 ደግሞ የሳፋሪኮም ሞባይል ቁጥር መነሻ ነው። ስለዚህ ማሽኑ የቀሩትን ስምንት አሃዞች ይጠብቃል። እንግዳው ዝምታ ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ ወይ መስመሩ ይቋረጣል፣ ወይ የስህተት ድምፅ ይመጣል። 991 ቢደውል የሚወጣው 91 ነው፣ እሱም የትም አይደርስም። ማንም ምንም ያበላሸ አይመስልም፣ ስልኩ ቀን ቀን ሲሠራ ውሏል። እንዲህ የተገጠመ ሥርዓት ላይ ሌላ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ይህን ነው የማየው፣ ባለቤቶቹ ካላወቁት ደግሞ ቆሜ አስረዳለሁ። እርስዎም ስልኮቹ እስኪስተካከሉ ድረስ በየክፍሉ "ለአደጋ 9907 ወይም 9991 ይደውሉ፣ ወይም በሞባይል 907" የሚል ወረቀት ለጥፉ። ከዚያ በፊት ግን 9994 (9 እና የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት 994) ደውለው በዚያ መንገድ ጥሪ መውጣቱን ያረጋግጡ።

ዘላቂው መፍትሔ 9ኙን ጨርሶ ማንሳት ነው። አያስፈልገንም። አገራችን ውስጥ የሞባይልም ሆነ ከነመለያው የመደበኛ ስልክ ቁጥር በ0 ይጀምራል፤ የሐዋሳ 046 ነው፣ ሞባይሉ 09 ወይም 07። ስለዚህ ልጁ እንዲህ ያድርገው፦ በ0 የጀመረ ሁሉ በቀጥታ ይውጣ። በ9 ጀምሮ ሦስት አሃዝ የሆነ ሁሉ ሳይጠብቅ፣ ሳይቆርጥ፣ ወዲያው ይውጣ። የክፍሎቹ ቁጥር በ1፣ በ2 እና በ3 ይጀምር፣ ከፎቁ ጋርም ይስማማል። እንግዳ መቀበያው 100 ይሁን። በ9 የሚጀምር የውስጥ ቁጥር ግን አንድም እንዳይኖር።

ከዚያ ይሞከር። የአምቡላንስን መስመር ለሙከራ አያስይዙ። መስመርዎ ከኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ይደውሉ፤ የደንበኞች አገልግሎት ነው፣ እሱም በ9 የሚጀምር ሦስት አሃዝ ነው። በጻፍኩት ደንብ መሠረት 994 ከወጣ 907ም በዚያው መንገድ ይወጣል። ሙከራው ከአንድ ስልክ አይደረግ። ከእያንዳንዱ ክፍል ይደወል። አንዳንድ ያገለገለ ስልክ የራሱ የአደዋወል ደንብ ውስጡ ተቀምጦ ይመጣል፣ ፒቢኤክሱ ቢስተካከልም እሱ ያበላሻል።

ጥሪው ወጣ ማለት ደግሞ አምቡላንሱ ቦታዎን አወቀ ማለት አይደለም። የሚታየው የፔንሲዮኑ ቁጥር ነው። ለዚህ ከእያንዳንዱ ስልክ ጎን የፔንሲዮኑ ስም፣ የክፍሉ ቁጥርና ሹፌር ሁሉ የሚያውቀው በአቅራቢያ ያለ ምልክት ይጻፍ። ከዲላ የመጣ እንግዳ ሌሊት ላይ "የት ነህ?" ሲባል የሚያነበው ነገር ይኑረው። መብራት ሲሄድም የአይፒ ስልክ አይሠራም። ስዊቹ፣ ፒቢኤክሱና ራውተሩ ሦስቱም በአንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ከቀረ ሌሎቹ ቢበሩም ጥሪ አይወጣም። እንግዳ መቀበያው ጋ ሁልጊዜ ቻርጅ ያለው ሞባይል ይቀመጥ።

አሁን ስለ ምልክቶቹ። እንግዳዎ ነገሩን ቢያከብዱትም መሠረት የሌለው ነገር አላወሩም። ኤፍሲሲ የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ነው። "ፓርት 15" የሚለው ጽሑፍ ዕቃው ሌላውን በጎጂ ሁኔታ አያውክም፣ ከሌላ የሚመጣበትንም ይቀበላል ማለት ነው። ሲኢ ደግሞ አምራቹ የአውሮፓን መስፈርት አሟልቻለሁ ብሎ የሚለጥፈው ነው። ሁለቱም ስለ ዕቃው ጥራት የሚነግሩን ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፈቃድ ግን አይደሉም። እኛ ጋ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው። የቴሌኮም ዕቃዎችን ዓይነት መርምሮ ማረጋገጫ የሚሰጠው እሱ ነው፤ በተለምዶ ታይፕ አፕሩቫል ይባላል። የስልኮቹን፣ የስዊቹንና የፒቢኤክሱን ሞዴል ከጀርባቸው ገልብጠው ይዘው ባለሥልጣኑን በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚህ በኋላ ሲገዙም ሻጩ የሞዴሉን ማረጋገጫ ያሳይዎት። ከሻንጣ የወጣ ዕቃ ላይ ሥራ መመሥረት አልወድም።

ካርቶኑ ውስጥ ገመድ አልባ ስልክ ካለና "ዴክት 6.0" የሚል ከሆነ ግን መልስ እስኪመጣ እንኳ አይሰኩት። እሱ የሚሠራው ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ነው፣ በአሜሪካና በካናዳ ለዚህ የተመደበ ቦታ። እኛ ጋ ያ ቦታ የሞባይል ኔትወርክ ነው፤ ሞባይሎች በ3ጂ ወደ ታወር የሚናገሩበት። የሰፈሩን ኔትወርክ ሊያውክ ይችላል። የአውሮፓው ዴክት ከ1880 እስከ 1900 ስለሆነ የተለየ ነው።

ወደ ውጭ ስለ መደወል፦ መስመርዎ ፈቃድ ካለው ኦፕሬተር በውል የተወሰደ ይሁን። "ከውጭ አገር የሚመጣ ጥሪ በኢንተርኔታችሁ ላሳልፍ፣ በወር ይህን ያህል እከፍላለሁ" የሚል ሰው ከመጣ በሩን ያሳዩት። ሲም ቦክስም (ብዙ ሲም ካርድ ይዞ ጥሪ የሚያሳልፍ ማሽን) ይሁን ሌላ፣ የኦፕሬተሩን መስመር ዘሎ ጥሪ ማሳለፍ በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ 761/2004 ያሳስራል። ማሽኑ የተገኘው እርስዎ ቤት ነውና ተጠያቂነቱም እርስዎ ጋ ይመጣል።

ካገለገሉ ስልኮች ጋር አንድ ሥራ ይቀራል። እያንዳንዱ ስልክ ሪሴት ይደረግ፣ ማለትም ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው ቅንብር ይመለስ፤ የቀድሞው ባለቤት አካውንት ውስጡ ሊኖር ይችላል። የመግቢያ ቃሉ "አድሚን" ከሆነ ይቀየር። የክፍል 101 የይለፍ ቃል 101 እንዳይሆን። 5060 የሚባለው ፖርት (የአይፒ ስልክ ጥሪዎች የሚገቡበት በር) ራውተሩ ላይ ለውጭ ተከፍቶ ከሆነ ይዘጋ፤ ኢንተርኔት ላይ ቀን ከሌት እሱን የሚያስሱ ሌቦች አሉ፣ ካገኙት ሌሊቱን ሙሉ በእርስዎ ሒሳብ ውጭ አገር ይደውላሉ። በ00 የሚጀምር ጥሪ ከእንግዳ መቀበያው በስተቀር ለሁሉም ይዘጋ። ጥሪ የምትቀዱ ከሆነ ደግሞ ለደዋዩ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

በደብዳቤዎ ግርጌ፣ ጓሮ ላለው ቤትም ስልክ በግቢው ላይ በተዘረጋ ገመድ እንደወሰዱ ጠቅሰዋል። ሐዋሳ ክረምት ላይ መብረቋን ያውቋታል። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በአየር የተዘረጋ የመዳብ ኔትወርክ ገመድ መብረቁ በቅርብ ቢወድቅ እንኳ ኃይሉን ተሸክሞ ስዊቹ ድረስ ያመጣዋል፣ ከዚያም ወደ ሁሉም ክፍል። ያን ገመድ ያውርዱትና በፋይበር ይተኩት፤ ሁለት ሚዲያ ኮንቨርተር (የመዳብ ገመዱን ከፋይበሩ ጋር የሚያገናኝ ዕቃ) እና አንድ ጥቅል ፋይበር ነው የሚፈልገው። ፋይበሩ ብረት የሌለበት ይሁን፤ አንዳንዱ ማጠንከሪያ ሽቦ አብሮት ይሄዳል። እስኪተካ ድረስ ሰማዩ ሲጠቁር ገመዱን ከስዊቹ ላይ ይንቀሉት፣ ነጎድጓድ እያለም ማንም ሰው በዚያ ስልክ አያውራ።