የድሮ የእንግሊዝ ፔኒ የት ታተመ? በየትኛው ማተሚያ ብረት? ጥያቄና መልስ

ዓመቶቹ ሁሉ ሳንቲሞቹ ላይ እንደተጻፉት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የ1876 ፔኒ አለኝ፤ ከዓመቱ ሥር ትንሽ «ኤች» ፊደል አለችበት። ምንድን ናት?

መልስ፦ የበርሚንግሃሙ የሂተን ፋብሪካ ምልክት ናት። ሂተን በ1874፣ 1875፣ 1876፣ 1881 እና 1882 ለለንደኑ የመንግሥት ማተሚያ ቤት ፔኒ አትሟል። የ1876 ፔኒ ሁሉ የሂተን ስለሆነ «ኤች» ስላለበት ብቻ ብርቅ አይሆንም። በ1875 ግን ሁለቱም ቦታ ታትሟል፤ የሂተኑ በጣም ያንሳል፣ ይፈለጋልም።

ጥያቄ፦ የኔ 1882 ነው፣ «ኤች» የለውም። ውድ ነው ይባላል።

መልስ፦ እውነተኛው እጅግ ብርቅ ነው፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ፊደሏ ትንሽ ስለሆነች ሳንቲሙ በእጅ ሲያልቅ ቀድማ ትጠፋለች፤ አንዳንዴም ሆን ተብላ ትፋቃለች። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይያዙ፤ መብራቱን ከጎን በዝቅታ አድርገው ሳንቲሙን ቀስ እያሉ ያዙሩት። ከዓመቱ ሥር ያለው ሜዳ ጎድጎድ ካለ፣ ጭረት ካለበት ወይም ቀለሙ ከዙሪያው ከተለየ ተፍቋል። በሳንቲሙ ጀርባ ከተቀረጸችው ሴት ከብሪታኒያ ልብስ ላይ ዝርዝሩ የጠፋ ከሆነ ደግሞ «ኤች የለውም» ብሎ መደምደም አይቻልም። ጥሩ ይዞታ ያለው ብቻ ነው ማስረጃ የሚሆነው።

ጥያቄ፦ በንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ፔኒዎችስ ምልክቱ የት ነው?

መልስ፦ ከዓመቱ በስተግራ። 1912 «ኤች» ብቻ፤ 1918 እና 1919 «ኤች» ወይም «ኬኤን»፣ ማለትም የሌላው ፋብሪካ፣ የኪንግስ ኖርተን። ለንደን ምልክት አያደርግም።

ጥያቄ፦ በ1926 ሁለት ዓይነት ምስል አለ የሚባለው?

መልስ፦ አለ። የመጀመሪያው የንጉሥ ምስል ጥልቅ ስለነበር ሲመታ ብረቱን ወደራሱ ይስባል፤ በጀርባው ብሪታኒያ ትደበዝዛለች፣ የንጉሡ ጭንቅላት ጥላም ይወጣባታል። ይህን ለማረም ምስሉ ተሻሻለ። አንገቱ የተቆረጠበት ላይ የቀራጩ የበርትራም ማኬናል ፊደላት «ቢ ኤም» አሉ፤ በመሃላቸው ነጥብ ካለ አሮጌው ነው፣ ነጥብ ከሌለና ወደ ማጅራቱ ከተጠጉ የተሻሻለው ነው። የተሻሻለው 1926 ነው ብርቁ።

ጥያቄ፦ የ1902 «ዝቅተኛ ባሕር»ስ?

መልስ፦ ከ1903 ፔኒ ጎን ያስቀምጡት። የባሕሩ መስመር ብሪታኒያ አጠገብ ከ1903ቱ ዝቅ ብሎ ከታየ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የ1895 ፔኒዬ ብርቁ ዓይነት መሆኑን ለማወቅ በማስመሪያ ለካሁት፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

መልስ፦ የሚለካው ብሪታኒያ ከያዘችው ባለ ሦስት ሹል ጦር እስከ «ፔኒ» የመጀመሪያ ፊደል ያለው ክፍተት ነው፤ የተለመደው 1 ሚሊ ሜትር፣ ብርቁ 2። ብረት መለኪያ ይጭራል፤ ሳንቲሙን ከማስመሪያ ጋር ከላይ ቀጥ አድርገው ፎቶ ያንሱና አጉልተው ይለኩ። ካሜራው ካዘነበለ ልኬቱ ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ የ1945 ፔኒዬ ጠቁሯል፣ ልጠበው?

መልስ፦ በፍጹም! ከ1944 እስከ 1946 ማተሚያ ቤቱ ራሱ በኬሚካል ያጠቆራቸው አሉ። ከታጠበ ሮዝ ይሆናል፣ ወደነበረበትም አይመለስም።