ወረቀቱ ላይ «የደረት» የሚል ቃል ይኑር

«እናቴ የድሮ ቲቢ ሳንባዋን ጎድቶታል፣ አክታው አልቆም አላት። ፊዚዮቴራፒ ታዘዘላት። ከዳንግላ ባሕር ዳር ማመላለሱ ዋጋ አለው?» ላልሽው እህቴ፦ አለው። እኔም የእናትሽ ቢጤ ነኝ። ቲቢው ድኖ ብሮንኪኤክታሲስ ተረፈኝ። የአየር ቱቦው ይሰፋና አክታ ያጠራቅማል፣ የተጠራቀመው ደግሞ ኢንፌክሽን ያመጣል።

1. ከሐኪሙ ክፍል ሳትወጡ ወረቀቱን አንብቡት። የእኔ ላይ «ፊዚዮቴራፒ» ብቻ ነበር የተጻፈው። ይዤው አንድ ቦታ ሄድኩ፣ ስሙን አልጠራም። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» አለኝ። «ሳንባዬን» ስለው ሳቀ። «እማማ፣ ፊዚዮቴራፒ ለወገብና ለእግር ነው።» እማማ! ያኔ 45 ዓመት አልሞላኝም። ከዚያ ስድስት ቀን ጀርባዬ ላይ ትኩስ ነገር እያደረጉ ሸኙኝ። የስድስቱንም ቀን ከፈልኩ። አክታዬ ንቅንቅ አላለም። በሰባተኛው ቀን ሌላ ባለሙያ ገባች፣ ደረቴን አዳመጠችና «ወገብሽን ነው እንዴ የሚያምሽ?» አለችኝ። አለቀስኩ። ስለዚህ «የደረት ፊዚዮቴራፒ» ተብሎ ይጻፍ፣ የበሽታውም ስም ይኑርበት። ሐኪሙ ቢቆጣም ይቆጣ።

2. ማሽን አትጠብቂ፣ የደረት ፊዚዮቴራፒ አክታ የሚያወጣ የአተነፋፈስ ትምህርት ነው። ትከሻን ለቀቅ አድርጎ ቀስ ብሎ መተንፈስ። ቀጥሎ ሦስት አራት ጊዜ በረጅሙ ስቦ፣ ሦስት ሰከንድ ያህል ይዞ መልቀቅ። ትንሽ ማረፍ። ከዚያ አፍን ከፈት አድርጎ «ሃህ!» ማለት። መነጽር ልንወለውል እንደምንተነፍስበት ነው፣ ግን ጠንከር ይላል። አክታው ወደ ላይ ይመጣል፣ ያኔ አንድ ሳል ይበቃዋል። እኔ ድሮ ጎድኔ እስኪቆስል እስል ነበር። ይባስ ብዬ ሳል የሚያቆም ሽሮፕ እየገዛሁ መውጣት ያለበትን አክታ ሳፍነው ከረምኩ። ደም ከታየ ግን እንቅስቃሴውን ትቶ ወደ ሐኪም ነው።

3. የእግር ጉዞ። ሐይቁ ዳር ካለው መንገድ ስጀምር ሁለተኛው ዘንባባ ጋ እቆም ነበር። ቁሜ ጣናን የማይ እመስላለሁ፣ እውነቱ ግን ትንፋሽ ፍለጋ ነው። ባለቤቴ «መንገድ ላይ ልትቀሪ ነው» ይለኛል። ባለሙያዋ ግን «ማለክለክ አያስፈራሽ፣ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር እስከቻልሽ ቀጥዪ» አለችኝ። ከንፈርን እንደ ፉጨት ሰብሰብ አድርጎ ቀስ ብሎ ማስወጣትም ያኔ ነው የሚረዳው። ዛሬ ከገበያ ዘንቢሌን ይዤ በእግሬ እመለሳለሁ። ባለባጃጆቹ ተቀይመውኛል።

ጭሱንም አትርሺ። መብራት ሲጠፋ በኩበት የምትጋግር ከሆነ ሌላ ሰው ይጋግርላት።

መመላለሱ አያስፈራሽ፣ ጥቂት ቀን ተምራ ቀሪውን ቤቷ ትሠራዋለች። በባዶ ሆዷ ትምጣ፣ እንደበሉ ከሠሩት ያስመልሳል። ቁርሷን ቋጥሪላት፣ ክዳን ያለው የአክታ ዕቃም ያዢ። ባለሙያዋን አስፈቅደሽ በስልክሽ ቅረጪ። እኔ ሳልቀርጽ ቀርቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ መጀመሪያ «ሃህ» እያልኩ፣ በረጅሙ መተንፈሱን መጨረሻ ላይ ስሠራ ነበር።