መልስ፦ የ2005 ማዝዳ አርኤክስ-8 ልግዛ ወይ?

ወንድሜ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በርካሽ የምትሸጥ የ2005 ማዝዳ አርኤክስ-8 አግኝተህ ልግዛት ወይ ብለሃል። መኪናዋ ታምራለች፣ አነዳዷም ደስ ይላል። ዋጋዋን ያወረደው ሞተሯ ነው።

ሮታሪ የሚባለው ይህ ሞተር ፒስተን የለውም። ውስጡ የሚሽከረከረው ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር ነው። በሮተሩ ጫፎች ላይ ያሉት ማሸጊያዎች ሲያልቁ ኮምፕረሽን፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ የሚታመቀው አየርና ነዳጅ ግፊት፣ ይወርዳል። ያኔ ሞተሩ ሞቆ ካጠፋኸው እንደገና ማስነሳት ያስቸግራል። ስለዚህ እስክትሞቅ ንዳት፣ አጥፋት፣ ትንሽ ቆይተህ አስነሳት። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ትተህ ሂድ።

ኮምፕረሽኑንም አስለካ። ተራው መለኪያ የሮተሩን ሦስት ጎኖች ለይቶ አያሳይም፤ ለሮታሪ የተሠራ መሣሪያ ያለው መካኒክ ፈልግ። ለምርመራው የምትከፍለው ገንዘብ አይቆጭህ። ሞተር ማስቀየር ከመኪናዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ማዝዳ አሜሪካ ውስጥ የሞተሩን ዋስትና ወደ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል አራዝሞ ነበር፤ የዚህችኛዋ ግን ካለፈ ቆይቷል።

ብዙ ሰው ቅር የሚለው ግን ገዝቶ መንዳት ሲጀምር ነው። ዘይት ትበላለች። ብልሽት እንዳይመስልህ፣ ማሸጊያዎቹን ለማለስለስ ዘይት እንድታቃጥል ተደርጋ ነው የተሠራችው። ቤንዚን በቀዳህ ቁጥር ዘይቷን እይ። ከተማ ውስጥ በጋሎን 16 ማይል አካባቢ ነው የምትሄደው። ሳትሞቅ አስነስተህ ወዲያው ካጠፋሃትም ቤንዚን ሞልቷት አልነሳም ልትል ትችላለች።

ሥራ የምትመላለስበት ሌላ መኪና ከሌለህ እባክህ ተዋት። ከማዝዳ ካልወጣሁ ካልክ ሚያታን እይ። ሞተሯ የተለመደው ባለ አራት ሲሊንደር ስለሆነ የሚሠራልህ መካኒክ አታጣም።