«ደፋሪ ልታስፈቺ ነው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የሳይካትሪ ስፔሻሊቲሽን ልትጨርሺ ነው። በወሲባዊ ጥቃት የተጠረጠሩ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ለፍርድ ቤት የሚመረምር ክፍል ሥራ አቅርቦልሻል። አባትሽ «ደፋሪ ልታስፈቺ ነው?» ብለው ተቆጡ። ክፍያው ማነሱም አሳስቦሻል፤ በፊርማሽ የሰው ዕጣ መወሰኑም።

ከአባትሽ ልጀምር፤ አነጋገራቸው አብግኖኛል። መርማሪ ሐኪም አያስርም፣ አይፈታም፤ ፍርዱ የዳኛው ነው። አንቺ የምትመልሺው ሰውዬው ዛሬ ክሱን ተረድቶ ራሱን መከላከል ይችላል ወይ፣ ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ቀንስ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር ወይ የሚለውን ነው። ሁለቱን እንዳታደባልቂ፤ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ተጠርጣሪ ብዙ ጊዜ ያልገባውንም «አዎ» ይላል። ጠያቂውን ላለማስቀየም ወይም ቶሎ ቤቱ ለመግባት። «ነካሃት አይደል?» ሲሉት «አዎ»። ቆየት ብለው «አልነካሃትም አይደል?» ሲሉትም «አዎ»። «መብትህ ገብቶሃል?» ሲባል አንገቱን ይነቀንቃል፤ «እስቲ በራስህ አባባል ንገረኝ» ስትዪው ዝም። አባትሽ ይህን ያስቡበት፦ የዋሁ ያላደረገውን አምኖ ሲታሰር እውነተኛው ደፋሪ ውጭ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ስለ ወሲብና ስለ ፈቃደኝነት ማንም ነግሮት አያውቅም። ተመራማሪዎቹ ሂንግስበርገር፣ ግሪፊትስና ኩዊንሲ እ.ኤ.አ. በ1991 እንደጻፉት፣ ጠማማ ፍላጎት የሚመስለው ነገር ከዕውቀት ማነስና ከአኗኗሩ ሊመጣ ይችላል። እያወቀ የሚያጠቃም አለ፤ እሱንም ሳትሸፋፍኚ ትጽፊያለሽ። የአይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ውጤት ከ70 በታች ሆነ ብለሽ ብቻ አትደምድሚ። ገንዘብ ይቆጥራል? ብቻውን ወጥቶ ይመለሳል? ቤተሰቡን ጠይቂ።

ክፍያው እውነትም ያንሳል። ማታ ማታ ክሊኒክ ሠርተሽ ትሞዪዋለሽ። ቤተሰብ የሚጦርበት ደሞዝ ካስፈለገ ግን ወንድሞችሽም እጃቸውን ይዘርጉ።

ሥራውን ያዢው፤ ግን አሁኑኑ አይሁን። መጀመሪያ አንድ ሁለት ዓመት እነዚህ ሰዎች የሚታከሙበት ክፍል ሥሪ። እኔ ወደ ምክር ሥራ የመጣሁት ከአእምሮ ሕክምና ነርስነት ነው፤ ዝምታና እሺታን መለየት የተማርኩት ከዎርድ ነው። ያከምሽውን ሰው ግን ለፍርድ ቤት አትመርምሪ። ሌላውንም ከመጀመርሽ በፊት «የምትነግረኝን ለዳኛው እጽፋለሁ» በዪው፤ ሐኪም ስለሆንሽ ብቻ ሚስጥሩን የምትጠብቂለት ይመስለዋል።

ውል ከመፈረምሽ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂ፦ ሪፖርትሽን ፍርድ ቤት ሳይገባ የሚያይልሽ ነባር ሐኪም አለ? ከሌለ ሌላ ክፍል ፈልጊ።